ሁለት ሳምንት ክለብ ዘንድ መቆየት የስፖርት ሕክምና ያስተምራል?

ጥያቄ፦ «የቤተሰብ ሕክምና ሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት ነኝ። አሁን ሰሜን ሸዋ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ተመድቤ እሠራለሁ። ሯጮችና ኳስ ተጫዋቾች በብዛት ይመጡብኛል፤ በሥልጠናችን ግን የስፖርት ሕክምና ለብቻው የተያዘለት ጊዜ የለም። አዲስ አበባ አንድ ክለብ ዘንድ ሁለት ሳምንት ቆይቼ ብመለስና የኢንተርኔት ሰርተፍኬት ብይዝ ይበቃኛል? ኤም አር አይ የለንም፤ አልትራሳውንዱም ከእርጉዞች አይተርፍም። በቅርቡ አንዲት የ19 ዓመት ሯጭ ቅልጥሟን አሟት መጣች፤ ራጇ ንጹሕ ስለነበር ዳይክሎፌናክ ሰጥቼ ሸኘኋት። በሦስተኛው ሳምንት እያነከሰች ተመለሰች። ምን አጉድዬ ነው?»

ምላሽ፦

አይበቃም። ሰርተፍኬቱ አይጎዳም፤ ፊፋ በነጻ የሚሰጠው የእግር ኳስ ሕክምና ዲፕሎማ ማታ ማታ ቢያነቡት ጥሩ ነው። ሁለቱ ሳምንታት ግን ፈቃድ ማባከን ናቸው። የዚህ ሙያ ጉዳቶች የሚድኑት በሳምንታትና በወራት ነው። የቲቢያ (የቅልጥም) አጥንት በጫና ሲጎዳ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል፤ የተረከዝ ጅማት ሕመም በትክክል ቢታከም 12 ሳምንት፤ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ተበጥሶ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ተጫዋች ቢያንስ 9 ወር። በሁለት ሳምንት የሁሉንም የመጀመሪያ ቀን አይተው የአንዳቸውንም መጨረሻ ሳያዩ ይመለሳሉ። የሰጡት ምክር መሥራት አለመሥራቱን ካላዩ ደግሞ ተማርኩ ለማለት ያስቸግራል። ክለብ ውስጥ የሚያገኙት ሌላው ነገር ሃያ አምስት ጤነኛ ጎረምሶችና ከጠዋት እስከ ማታ አብሯቸው የሚውል ወጌሻ ነው። የእርስዎ ተረኛ ግን ከመንዝ ጉልበቱ አብጦ የመጣ ገበሬ፣ ውሃ ተሸክማ ወገቧ የተያዘ እናት፣ በትምህርት ቤት ውድድር ወለም ያለው ልጅ ነው። የስፖርት ሕክምና ለቤተሰብ ሐኪም ማለት የእነዚህን ሁሉ መገጣጠሚያና አጥንት በእጅ መርምሮ፣ ምን ያህል ማንቀሳቀስ እንዳለባቸው በቁጥር መንገር ነው። አትሌቱ ለዚህ ጥሩ አስተማሪ የሚሆነው በቀጠሮው ስለሚመጣና ትንሿን ለውጥ ሳይቀር ስለሚነግርዎ ነው።

ስለ ሰዓቱ መነሻ የሚሆን ቁጥር ልስጥዎ። በአሜሪካ የቤተሰብ ሕክምና ሬዚደንሲ መስፈርት ለአጥንት፣ ለጡንቻና ለመገጣጠሚያ ሕመሞች 200 ሰዓት ወይም ሁለት ወር ሲጠየቅ ቆይቷል፤ የስፖርት ሕክምና በዚያ ውስጥ መካተት ነበረበት። በአገራችን የቤተሰብ ሕክምና ገና ወጣት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሦስት ዓመቱን ሥልጠና የጀመረው በ2013 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ስለዚህ መርሐ ግብር ውስጥ ክፍተት ቢያገኙ አይግረምዎ። ክፍተቱን ለመሙላት ሁለት ወር ነጻ ማውጣት አያስፈልግም። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አራት ሰዓት፣ ለ50 ሳምንት ቢይዙ ያው 200 ሰዓት ነው፤ ያውም በሽተኛው ተመልሶ ሲመጣ እርስዎ እዚያው ይገኛሉ።

አሁን ወደ ሯጯ። መሣሪያ አላነሰዎትም፤ የጎደለው ሁለት ጥያቄና አንድ አውራ ጣት ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ኪሎ ሜትር ትሮጫለሽ?» አይደለም። «ባለፉት ስድስት ሳምንታት ምን ተቀየረ?» ነው። አዲስ አሠልጣኝ፣ ከሣር ወደ አስፋልት መውጣት፣ የቁልቁለት ሩጫ መጨመር፣ ያለቀ ጫማ፣ ከእረፍት በኋላ በአንድ ጊዜ ወደ ሙሉ ልምምድ መመለስ፦ አጥንት የሚሰነጠቀው ራሱን ከሚጠግንበት ፍጥነት በላይ ሲመታ ነው። ሁለተኛው የወር አበባዋ መጨረሻ የመጣው መቼ እንደሆነ ነው። ይህን አሠልጣኟ ወጥቶ፣ በሩ ተዘግቶ ይጠይቁ። ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ከቀረ የአጥንቱ ጉዳይ የአጥንት ብቻ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የምትበላው ከምታቃጥለው ያነሰ ነው ማለት ነው። (እርግዝናን በምርመራ ማጣራት አይርሱ።)

ከዚያ ጣቱ። ቁምጣ ለብሳ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ትቀመጥ። ሱሪ ወደ ላይ ጠቅልሎ መመርመር ግማሹን ይደብቃል። በአውራ ጣትዎ የቲቢያን የውስጥና የኋላ ጠርዝ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ጀምረው በየሁለት ሴንቲ ሜትሩ እየተጫኑ እስከ ጉልበት ይውጡ። ሕመሙ 5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ተዘርግቶ ከተሰማት የአጥንቱ ሽፋንና ጠርዝ መቆጣት ነው፤ ልምምድ ቀንሳ መቀጠል ትችላለች። በአንድ ጣት ጫፍ ልክ ባለ ቦታ ላይ «እዚህ!» ብላ እግሯን ከሰበሰበች ግን ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ የጫና ስብራት ነው። ቀጥሎ የፊተኛውን ስል ጠርዝ ይጫኑ፤ እዚያ ያለ ሕመም የባሰ ነው። በአንድ እግር ማዘለል ጠቃሚ ፈተና ነው፤ ግን ስትራመድ የማያማትን ብቻ ያዝልሉ፤ አንዴ ካመማት አይድገሙት። ሕመሙ ሁልጊዜ ሩጫ በጀመረች በተመሳሳይ ደቂቃ ባቷን እየወጠረ መጥቶ፣ ባቆመች በደቂቃዎች ውስጥ የሚለቅ ከሆነ የጡንቻ ክፍል ግፊት መጨመር ሊሆን ይችላል፤ እሱ ሌላ መንገድ አለው።

ራጁ ንጹሕ መሆኑ ምንም አልነገረዎትም። የጫና ስብራት በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ራጅ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይታይም፤ የሚታየው አጥንቱ መጠገን ሲጀምር ነው። ዳይክሎፌናኩ ደግሞ ሕመሙን ሸፍኖላት በተሰነጠቀ አጥንት ላይ እንድትሮጥ ፈቀደላት። በ1968 (እ.ኤ.አ.) ሜክሲኮ ላይ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቀው ጃቶ የተወለደው አበበ ቢቂላ 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ያቋረጠው በእግር አጥንት ጉዳት ነበር፤ እንደ እሱ ያለ ብርቱም አጥንቱን ማሸነፍ አልቻለም።

ስለዚህ ዛሬውኑ ይጥሯት። ሩጫ ይቁም፤ እያነከሰች ስለሆነ ሳታነክስ መራመድ እስክትችል ክራንች ትያዝ፤ ለሕመም ፓራሲታሞል ይበቃል። ራጁን ከፊትና ከጎን ይድገሙት። በፊተኛው ጠርዝ ላይ ጥቁር አግድም መስመር ካዩ ለአጥንት ሐኪም ይላኳት፤ ያ ቦታ በጣም ዘግይቶ ይድናል፣ አንዳንዴም ለሁለት ይሰበራል። በውስጠኛው ጠርዝ ከሆነ እዚያው ያክሟት። ለተከታታይ ቀናት 30 ደቂቃ ያለ ሕመም ከተራመደች፣ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ ሁለት ደቂቃ እርምጃ አሥር ጊዜ፣ ቀን እየዘለለች፣ ሣር ላይ ትጀምር። በቀጣዩ ጠዋት ካመማት አንድ እርከን ወደ ኋላ። ሯጭ ብሽሽቱን አመመኝ ብሎ ቢመጣ ግን እንዲህ አይጫወቱበት። የጭን አጥንት አንገት የጫና ስብራት ከተንሸራተተ የወጣትን ዳሌ ያበላሻል፤ በዚያው ቀን ክራንች ይስጡት፣ እግሩን አያስረግጡት፣ ይላኩት። የእግር መሐል ናቪኩላር አጥንትና የአምስተኛው ሜታታርሳል (ከትንሿ ጣት በስተኋላ ያለው ረጅም አጥንት) ሥርም እንዲሁ ፊት አይሰጣቸውም።

የምግቡን ነገር በአገሩ ልማድ ይያዙት። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ከእንስሳት ተዋጽኦ ርቃ፣ ሌሊት ሮጣ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ያልቀመሰች ልጅ ስንቅ ሳይኖራት እየሮጠች ነው። «ጾሙን ተዪ» ማለት የሐኪም ሥራ አይደለም፤ እሷም አትሰማዎትም። ጠንካራው ልምምድ ከምግብ ሰዓቷ ጋር እንዲቀራረብ ከአሠልጣኙ ጋር ይነጋገሩ፤ በሶ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ሱፍና ተልባ በመጠን ይጨመሩ፤ ቡናና ሻይ ከምግቡ አንድ ሁለት ሰዓት ይራቁ፣ ብረት እንዳይመጠጥ ያግዳሉና።

ብረት ካነሣን አንድ ወጥመድ አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2,500 እስከ 2,999 ሜትር ለሚኖር ሰው ከሄሞግሎቢኑ 1.8 ግራም በዴሲ ሊትር ይቀነስ ይላል፤ በዚህ ስሌት 13.2 ያላት ልጅ ወደ 11.4 ወርዳ ደም ማነስ አለባት ትባላለች። ሆኖም የኢትዮጵያ ደጋ ነዋሪ ሄሞግሎቢን እንደ ደቡብ አሜሪካ ደገኞች አይወጣም፤ በ2002 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ጥናት 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ወንዶች አማካያቸው 15.9፣ ሴቶች 15.0 ነበር። ስለዚህ በሄሞግሎቢን ብቻ አይፍረዱ፤ ፌሪቲን (የተከማቸ ብረት መለኪያ) ወደሚሠራበት ላቦራቶሪ ናሙና ይላኩ። ከ30 ናኖ ግራም በሚሊ ሊትር በታች ከሆነ 60 ሚሊ ግራም ብረት ያለው አንድ ፍሬ ቀን እየዘለለች ትውሰድና በ8ኛው ሳምንት ይድገሙ። ኢንፌክሽን ወይም ቁጣ ካለ ፌሪቲን በሐሰት ከፍ እንደሚል ያስታውሱ።

«ኤም አር አይ የለንም» የሚለው ቅሬታ እውነት ነው፤ ለመማር ግን እንቅፋት አይደለም። እንዲያውም ማሽን ያለበት ቦታ የሚሠለጥን ሐኪም እጁ ይደንዛል። ለወለምታ የኦታዋ ደንብ አለልዎ፦ የውጪውን ወይም የውስጡን ቁርጭምጭሚት አጥንት የኋላ ጠርዝ በታችኛው 6 ሴንቲ ሜትር ይጫኑ፣ ናቪኩላርንና የአምስተኛውን ሜታታርሳል ሥር ይጫኑ፣ አራት እርምጃ ያስረግጡት። ከነዚህ ቦታዎች አንዱ ካመመው፣ ወይም ጉዳቱ እንደደረሰም አሁንም አራት እርምጃ መርገጥ ካልቻለ ራጅ ያንሡ፤ አለዚያ የበሽተኛውን ገንዘብ ይቆጥቡ። አጥንቱ ደህና ከሆነ ጀሶ ውስጥ አይክተቱት። በሳምንቱ ውስጥ ይርገጥ፤ ከዚያ በአንድ እግር መቆምን፣ በኋላም ዓይን ጨፍኖ መቆምን ለ6 ሳምንት ይለማመድ። ወለምታ የሚደጋገመው ይህ ስለሚዘለል ነው። ለጉልበት ከሁሉ በፊት የፊተኛውን መስቀለኛ ጅማት የሚፈትነውን የላክማን ፈተና በሁለቱም እግር ይለማመዱ፤ ጉልበቱ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ታጥፎ፣ ጭኑን በአንድ እጅ አጽንተው ቲቢያውን ወደ ፊት ይሳቡ። ጭኑ ትልቅ ከሆነ ወይም እጅዎ ትንሽ ከሆነ የራስዎን ጉልበት ከጭኑ ሥር ያስገቡ። አዲስ ተማሪ የሚሳሳተው በሽተኛው ጡንቻውን ወጥሮ ሳለ ስለሚስብ ነው፤ የቋንጃ ጅማቶቹን በጣት ነክተው ሳይላሉ አይጀምሩ። ሃምሳ ጤነኛ ጉልበት ያልሳበ እጅ የተበጠሰውን አይለይም።

በእኛ አገር ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው አደጋ ግን የስፖርት ጉዳት መስሎ የሚመጣው ሌላ በሽታ ነው፤ የውጭ መማሪያ መጻሕፍት ይህን በአንድ መስመር ያልፉታል። የ13 ዓመት ልጅ «ኳስ ስጫወት ነው» ብሎ ጉልበቱ አብጦ መጣ፤ በሳምንቱ ጉልበቱ ለቀቀውና ቁርጭምጭሚቱ አበጠ። ይህ ወለምታ አይደለም፤ የሩማቲክ ትኩሳት ነው ብለው ይነሡ። ልቡን ያዳምጡ፣ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ያስደርጉ፤ ከተረጋገጠ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚሰጠው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ልቡን ያተርፍለታል። ትኩስና ቀይ ሆኖ ለመንካት የማያስችል መገጣጠሚያ መግል ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን በመርፌ ተቀድቶ ይታይ፤ በምንም ዓይነት ስቴሮይድ አይወጋ። ጉልበቱን የሚያመው ወፍራም ጎረምሳ ዳሌው ሳይመረመር አይሂድ። ማታ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ የአጥንት ሕመም ያለበትን ወጣት ለዕጢ፣ ወራት የቆየ የጀርባ ሕመም ከላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ያለበትን ለአከርካሪ ቲቢ ሳያዩ «ጡንቻ ነው» አይበሉ።

የውድድር ፈቃድ ወረቀትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ማኅተም ለማድረግ ብቻ የሚመጡ ታዳጊዎች ይኖራሉ። ሲለማመድ ራሱን ስቶ ያውቅ እንደሆን፣ ከቤተሰቡ ዕድሜው 50 ሳይሞላ በድንገት የሞተ እንዳለ ይጠይቁ፤ ልቡን ተኝቶም ቆሞም ያዳምጡ። ሲቆም የሚጎላ ማጉረምረም የልብ ጡንቻ መወፈርን ያስጠረጥራል። በግራ ጎኑ አስተኝተው በስቴቶስኮፑ ደወል ካላዳመጡ ደግሞ የሚትራል መጥበብ ያመልጥዎታል። ጥርጣሬ ካለ ወረቀቱ አይፈረም፤ አሠልጣኙ ቢቆጣም።

መርፌ መውጋት ሁሉም ሬዚደንት ቶሎ መማር የሚፈልገው ነገር ነው። የመጨረሻ ያድርጉት። ለተበላ የሽማግሌ ጉልበት 40 ሚሊ ግራም ትሪያምሲኖሎን (ስቴሮይድ) ለጥቂት ሳምንታት ይጠቅማል፤ ከሦስት ወር በፊት አይደገምም፤ ስኳር ያለበት ሰው ለቀናት ስኳሩ እንደሚወጣ ይነገረው። የተረከዝ ጅማትና የጉልበት ሎሚ አጥንት ጅማት ውስጥ ግን ስቴሮይድ ፈጽሞ አይገባም፤ ይበጠሳሉ። የተረከዝ ጅማት መድኃኒቱ የመወጣጫ ደረጃ ነው፦ ጠርዙ ላይ ቆሞ የእግር ጣቶች ጫፍ ላይ በሁለት እግር ወጥቶ በታመመው እግር በዝግታ መውረድ፣ 15 ጊዜ ሦስት ዙር፣ ጉልበት ቀጥ ብሎም ታጥፎም፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንት። ከባድ ነው፤ በሽተኛው የሚያቆመው በሁለተኛው ሳምንት ነው፤ ያኔ እርስዎ መኖር አለብዎት።

ተወዳዳሪ ከሆነ ከእያንዳንዱ ማዘዣ በፊት የተከለከሉትን መድኃኒቶች ዝርዝር ይመልከቱ። ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በውድድር ወቅት ማንኛውም በመርፌ የሚሰጥ ግሉኮኮርቲኮይድ (እንደ ትሪያምሲኖሎን ያለ ስቴሮይድ) ተከልክሏል። ትሪያምሲኖሎን መገጣጠሚያ ውስጥ ከገባ 10 ቀን፣ ጡንቻ ላይ ከተወጋ 60 ቀን ሳይሞላ መወዳደር አደጋ ነው። ትራማዶል ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በውድድር ወቅት ተከልክሏል፤ የሚያሸኑ መድኃኒቶች ሁልጊዜም ክልክል ናቸው። «ደክሞኛልና ጉሉኮስ ይሰካልኝ» የሚለው የከተማችን ልማድም አትሌት ላይ አይሠራም፦ ሆስፒታል ውስጥ ለሕክምና ካልሆነ በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር መስጠት ጥሰት ነው። የሰጡትን ሁሉ በካርዱ ላይ ይጻፉ፤ ልጁ ሲጠየቅ ማስረጃው እሱ ነው።

ለሜዳ ሥራ ቢያንስ ሦስት ውድድር ላይ ይገኙ። የወደቀ ሯጭ የማይመልስና በወጉ የማይተነፍስ ከሆነ ልቡ ቆሟል፤ ትንሽ መንቀጥቀጡን የሚጥል በሽታ አድርገው ጊዜ አያባክኑ፣ ደረቱን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫኑ። ሸዋሮቢት ቆላ ናት፤ ከደጋ የወረደ ሯጭ እዚያ ቢቃዥና በፊንጢጣ የተለካው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ቢያልፍ፣ አምቡላንስ ከመጫንዎ በፊት ያብርዱት። ሸራ ዘርግተው፣ አራት ሰው ጠርዙን ይዞ፣ ውሃና በረዶ አፍስሰው ልጁን ውስጡ ያጥቡት፤ 39 ሲደርስ ያውጡት። በብብት የተለካ ሙቀት ያታልላል። ጭንቅላቱን የተመታና የተደናገረ ተጫዋች በዚያ ቀን አይመለስም፤ በገና ሰሞን በዱላ የተመታም ያው ነው። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይረፍ፣ ከዚያ ሕመም እስካልተመለሰ በየ24 ሰዓቱ አንድ እርከን፣ በስድስት እርከን ይመለስ። ማስመለስ ከደጋገመው፣ ራስ ምታቱ ከባሰ ወይም እንቅልፍ ከጫነው ሲቲ ስካን ወዳለበት ይላኩት።

ወጌሻውን አይናቁ፤ እግር ኳሳችንም የቡድኑን አካል አካሚ በዚሁ ስም ነው የሚጠራው። የሰፈሩን ወጌሻ ፈልገው ይተዋወቁና አንድ ነገር ብቻ ያስማሙት፦ የታሰረ እጅ ወይም እግር ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ጣቱን ሲያዘረጉት ከጮኸ ማሰሪያው በዚያው ሰዓት ይፈታ፣ ልጁም ይምጣ። በጥብቅ ቀርከሃ ታስሮ የጠቆረ እጅ ከመቁረጥ በቀር ምንም አይደረግለትም።

ምክሬ ይህ ነው። የክለቡን ጉዞ ይተዉት። በሆስፒታሉ ፈቃድ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ቋሚ ክሊኒክ ይክፈቱ፤ በወር አንዱን ከአጥንት ሐኪም፣ አንዱን ከፊዚዮቴራፒስት ጋር ይቀመጡ፤ ከሁለቱ የበለጠ የሚያስተምርዎ ፊዚዮቴራፒስቱ ነው። የሚያስፈልገው አልጋ፣ የመገጣጠሚያ ማዕዘን መለኪያ፣ ሜትር፣ ላስቲክ ፋሻ፣ አራት ጥንድ ክራንችና የፊንጢጣ ቴርሞሜትር ነው። በደብተር ላይ ለእያንዳንዱ በሽተኛ የመጀመሪያ ግምትዎን፣ የሰጡትን መጠንና በ2ኛው፣ በ6ኛው፣ በ12ኛው ሳምንት የሆነውን ይጻፉ። አርባ ጉልበት፣ ሠላሳ ቁርጭምጭሚት፣ ሃያ ትከሻና ሃያ ወገብ እስከ 12ኛው ሳምንት ከተከታተሉ በኋላ ከአስተማሪዎ ጋር ቁጭ ብለው የተሳሳቱባቸውን ብቻ ይለዩ። አልትራሳውንድ ቢገኝ ያኔ ይጨመራል። የመጀመሪያዋን ገጽ በዚያች ሯጭ ይጀምሩ፤ ቀጠሮዋን ዛሬ ይያዙላት፣ ስልኳንም ይውሰዱ፣ ሕመሙ ሲቀልላት ትቀራለችና።